«ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ ስቆም ሰው ሳቀብኝ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ፣ ባጋጣሚ ይሁን በምን አላውቅም፣ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ስለ ድምፅ ኢንስታሌሽን። ክፍል ውስጥ ወይ መንገድ ላይ ድምፅ ተተክሎ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ከማየት ይልቅ ውስጡ እየገባ እየዞረ እየነካ ሚሰማው ነገር ማለት ነው። የስልክና የላፕቶፕ ጥያቄ የላካችሁ ታገሱኝ፣ የናንተን ለሚቀጥለው ወር አሳድሬዋለሁ። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ዓመቶቹ ደግሞ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትከራከሩኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እህቴን ልጠይቅ ካናዳ ሄጄ ኦታዋ ብሔራዊ ጋለሪ ወሰደችኝ። አንድ የጸሎት ቤት ሚመስል ክፍል ስንገባ ዘማሪ የለም፣ እግር ላይ የቆሙ ስፒከሮች ብቻ ዙሪያውን ተደርድረው መዝሙር ይወጣባቸዋል። ቋንቋው አይገባኝም። እህቴ መሀል ላይ አይኗን ጨፍና ቆመች፣ እኔ ደግሞ አንዱ ስፒከር ጋ ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ለጥፌ ስሰማ አንድ ፈረንጅ ሳቀብኝ። አጠፋሁ እንዴ? ምን ማድረግ ነበረብኝ? — ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ ምንም አላጠፋሽም፣ እንደውም ከሳቀብሽ ሰውዬ ይልቅ ስራው የገባሽ አንቺ ነሽ። የሰማሽው የካናዳዊቷ ጃኔት ካርዲፍ ስራ ነው፣ በ2001 የተሰራ፣ ስሙ «የአርባ ድምፅ ሞቴት» ይባላል (ሞቴት በብዙ ድምፅ ሚዘመር የቤተክርስቲያን መዝሙር ነው)፣ ስፒከሮቹን ብትቆጥሪያቸው ኖሮ 40 ናቸው። መዝሙሩን የዛሬ 450 ዓመት ገደማ ቶማስ ታሊስ ሚባል እንግሊዛዊ ነው የጻፈው፣ ለ40 ሰው ድምፅ። 40 ሰው አንድ ዜማ ሚያወጣበት እንዳይመስልሽ፣ ለያንዳንዱ ዘማሪ የራሱ መስመር አለው፣ 5 5 ሆነው በ8 ቡድን ተከፍለው ይቀባበሉታል። ካርዲፍ ታዲያ የሶልስበሪ ካቴድራል መዘምራንን ስትቀዳ ለያንዳንዱ ለብቻው ማይክ ሰጠችው፣ ከዛ አንድ ዘማሪ አንድ ስፒከር ሆነ። ስለዚህ አንቺ ጆሮሽን የለጠፍሽበት ስፒከር አንድ ሰው ነው። ትንፋሹን ሲስብ ሰምተሽው ይሆናል። ቀጭኑን ድምፅ ሚያወጡት ጋ ደርሰሽ ከሆነ ደግሞ ህፃናት ናቸው።

የእህትሽም ልክ ነው፣ መሀል ላይ ሲቆም ሌላ ነገር ነው። ማህሌት ሲቆም አይተሽ ከሆነ ነገሩ አይጠፋሽም፣ ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ተሰልፈው ሲቀባበሉ ድምፁ ካንዱ ወገን ተነስቶ ወደ ሌላው ሲሻገር ጭንቅላትሽ ሳታዢው ይዞራል አይደል፣ ታሊስ ያንን ዓይነት ነገር በ8 አቅጣጫ ነው ያደረገው፣ አንዴ ዙሪያውን ይሄዳል፣ አንዴ 40ውም ባንዴ ይመጣና ፀጉርሽን ያቆመዋል።

ምን ማድረግ ነበረብኝ ላልሽው፣ መራመድ። በቃ። ስፒከሩ ጋ ስትቀርቢ አንዱ ሰው ይጎላል ሌላው ይደበዝዛል፣ ወደ ኋላ ስትይ ይቀላቀላሉ፣ ማለትም ሚክሱን (የድምፆቹን ቅልቅል) ምትሰሪው አንቺ ነሽ፣ በእግርሽ። አጠገብሽ የቆመችው እህትሽ እንኳን አንቺ የሰማሽውን መዝሙር አልሰማችም። እኔ ተሳትፎ ሲባል ደስ ሚለኝ እንዲህ ያለው ነው፣ ምንም ቁልፍ የለም፣ ምንም አይበራም፣ ግን ያላንቺ እርምጃ ስራው ግማሽ ነው።

ቋንቋው ላቲን ነው፣ ተስፋዬን ካንተ በቀር በሌላ አላደረግሁም፣ የእስራኤል አምላክ ሆይ፣ እያለ ነው ሚጀምረው። ደግሞ ሌላ ጊዜ ካገኘሽው መዝሙሩ አለቀ ብለሽ እንዳትወጪ፣ ጠቅላላው 14 ደቂቃ ነው፣ 11ዱ መዝሙር፣ የቀረው 3 ደቂቃ ዘማሪዎቹ እረፍት ላይ ናቸው፣ ያስላሉ፣ ጉሮሮ ይጠርጋሉ፣ ያወራሉ። እኔን ብትጠይቂኝ ከመዝሙሩ እኩል እወደዋለሁ፣ ጎረቤት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንደ መስማት ነው (ታውቂዋለሽ፣ እንዳትዋሺ)።

ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ጓደኞቼ እንዲህ ዓይነት ቦታ ሲሄዱ እኔ ምን ሊገባኝ ብዬ እቀራለሁ። ልሂድ ወይስ ገንዘቤን ልቆጥብ? — ከሻርጃ

መልስ፦ ሂድ ወንድሜ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንድ ነገር ይቀርብሃል፣ ባለ ሁለት ጆሮ ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ ሚያውቀው አንዱ ጆሮ ጋ ከሌላው ቀድሞ ስለሚደርስ ነው፣ ልዩነቱ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ እንኳ ያንሳል ግን አንጎል ይይዘዋል። ያ የለህም። ግን ከላይ የጻፍኩት ዓይነት ስራ ላይ ዋናው ነገር ርቀት ነው፣ ስትቀርብ ይጎላል ስትርቅ ይደክማል፣ ለዛ ደግሞ አንድ ጆሮና ሁለት እግር ይበቃል። መቼም ካፌ ስትቀመጥ ጓደኞችህን በደህናው ጆሮህ በኩል ታደርጋቸዋለህ፣ እዛም እንደዛው ጭንቅላትህን እያዞርክ ስማ።

ሄድፎን ሚሰጡህ ዓይነት ከሆነ ግን መግቢያው ላይ ሞኖ (የግራና የቀኙ ድምፅ ተቀላቅሎ በሁለቱም በኩል ሚሰማበት) ማድረግ ይቻላል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ አለዛ ግማሹ ታሪክ በማይሰማው ጆሮህ ገብቶ ይቀራል። ስልክህም ላይ ተደራሽነት ሚለው ሴቲንግ ውስጥ ሞኖ አለ፣ ካላበራኸው ዛሬውኑ አብራው።

ጥያቄ፦ ሞንትሪያል ነው ምኖረው። ከጥቂት ዓመት በፊት መሀል ከተማ ረጅም የዥዋዥዌ ረድፍ ተተክሎ ነበር፣ ስትወዛወዝ ሙዚቃ ይወጣዋል። ልጄ ያኔ 6 ዓመቷ ነበር፣ ከኔ ጎን ተቀምጣ «አባዬ ቀስ በል፣ ከኔ ጋር ሁን» እያለች ስትጮህ አንድ ላይ ስንገጥም ዜማው ተቀየረ። እስካሁን ትጠይቀኛለች፣ ከኋላ ሚጫወት ሰው አለ እንዴ? እኔ ደግሞ ሌላ የገረመኝ፣ እኔ 90 ኪሎ እሷ 20 ኪሎ፣ እንዴት ገጠምን? — የሁለት ልጆች አባት

መልስ፦ ከኋላ ማንም የለም። ስሙ «21 ዥዋዥዌ» ነው፣ ዴይሊ ቱ ሌ ዡር ሚባል የሞንትሪያል ስቱዲዮ በ2011 የሰራው። ዥዋዥዌው ላይ እንቅስቃሴውን ሚለካ ሴንሰር አለ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲወዛወዝ የራሱን ኖታ ያወጣል፣ ሰዎች እኩል መወዛወዝ ሲጀምሩ ደግሞ ለብቻህ ብትሞት ማታወጣው ዜማ ይከፈታል። እኩል የሆነ ሰው ይሸለማል ማለት ነው፣ ሽልማቱ ዜማ ነው። ሲሰሩት የእንስሳትን ባህሪ ሚያጠና ሉክ አላን ዢራልዶ ሚባል ፕሮፌሰር አብሯቸው ነበር፣ ስራው እንስሳት እንዴት እንደሚተባበሩ ነው። ስለዚህ ያቺ ልጅህ «ከኔ ጋር ሁን» ያለችህ ማንም ሳያስተምራት የጨዋታውን ህግ አግኝታው ነው፣ ወረቀት ተለጥፎ «እባክዎ ይተባበሩ» ቢል ኖሮ ማንም አያነበውም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄህን ግን በጣም ነው የወደድኩት። 90 ኪሎና 20 ኪሎ እኩል ሚወዛወዙት ዥዋዥዌ የሰው ክብደት ስለማይመለከተው ነው። አንዴ ሄዶ ለመመለስ ሚፈጅበትን ጊዜ በዋናነት ሚወስነው የገመዱ ርዝመት ነው፣ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን ወደ 3 ሰከንድ ገደማ፣ አንተም ብትቀመጥበት ልጅህም ብትቀመጥበት ያው። ከፍ አድርገህ ስትወረወር ትንሽ ይረዝማል፣ ለዛ ነው ቀስ በል ያለችህ። ልጅ ሆነን ዛፍ ላይ ገመድ አስረን ስንወዛወዝ ወፍራሙ ልጅ ለምን እንደማይቀድመን ይገርመኝ ነበር፣ መልሱን ፊዚክስ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ጽፎት ሳለ እንኳን ከዥዋዥዌው ጋር አላገናኘሁትም። እንግዲህ የሰሩት ሰዎች እኩል ርዝመት ያለው ገመድ ሲሰቅሉ ግማሹን ስራ ሰርተውታል፣ ገና ሴንሰሩ ሳይገባ።

ጥያቄ፦ ገብቼ በስልኬ ብቀዳው ምን አለበት? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከተፈቀደ ምንም የለበትም፣ ግን 40 ስፒከር ቀድተሽ ቤት ስትከፍቺው አንድ የታመቀ ነገር ነው ምትሰሚው፣ የዶሮ ወጥ ፎቶ በይው። ስልክሽን ኪስ ክተቺው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬ 74 ነው። የልጅ ልጄ ስልኩ ላይ አንድ ነገር አሳየኝ፣ ሰው በትልቅ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አሮጌ ኦርጋን ፊት ተቀምጦ ቁልፉን ሲጫን የህንፃው ቧንቧ ያፏጫል፣ ምሰሶው ይቀጠቀጣል። ይህ ነው ጥበብ? እዚህ አዲስ አበባ ጩኸት አንሶን ነው? በኛ ጊዜ አዝማሪ ነበር፣ ተቀበል ሲልህ ትሰጠዋለህ፣ እሱም አሳምሮ ይመልስልሃል። — ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግማሹን እስማማለሁ። የልጅ ልጅዎ ያሳየዎት የሙዚቀኛው የዴቪድ ባይርን ስራ ይመስለኛል፣ በ2005 ስቶክሆልም፣ በ2008 ኒው ዮርክ፣ በ2009 ለንደን ተተክሎ ነበር። ስፒከር የሚባል ነገር የለበትም፣ ከኦርጋኑ የወጡ ቱቦዎችና ሽቦዎች ቧንቧ ውስጥ አየር ይነፋሉ፣ ብረቱን ያንቀጠቅጣሉ፣ ምሰሶውን ይመታሉ፣ ህንፃው ራሱ ነው ሚጮኸው። እኔ ምወድለት ነገር፣ ፒያኖ የተማረም ያልተማረም እዛ ወንበር ላይ እኩል ጀማሪ ነው። ግን እውነትዎን ነው፣ ስንቱ ነገር ነው «ይንኩት» ተብሎ ሲነኩት እሪ ብሎ ሚያልቅ፣ ከበር ደወል ምን ለየው? የአዝማሪው ይሻላል፣ እርስዎ የሰጡትን ግጥም አዙሮ፣ አንዳንዴም በርስዎው ላይ አሹሎ ነው ሚመልስልዎ።

ስለ ጩኸቱ ግን አንድ ሰው ላስተዋውቅዎ፣ ማክስ ኒውሃውስ ይባላል፣ አሜሪካዊ ከበሮ መቺ ነበር፣ ድምፅ ኢንስታሌሽን ሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው ይባላል። በ1966 ሰዎችን ኮንሰርት ብሎ ጠርቶ እጃቸው ላይ «አዳምጥ» ሚል ማህተም መታና አዳራሽ ሳያስገባ ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ይዟቸው ሄደ። ኮንሰርቱ ያ ነው፣ ከተማው። እኔ ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ ወያላዎቹን ሳልበሳጭ ለመስማት ሞክሬያለሁ፣ «ሳሪስ ሳሪስ ሳሪስ» ሚለው ልጅና «ቦሌ፣ አንድ ሰው» ሚለው አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ነው ሚገባው፣ ተስማምተው አይደለም፣ ሁለቱም መሰማት ስላለባቸው ነው። ከአራት ደቂቃ በኋላ ተበሳጨሁ፣ ግን አራት ደቂቃ ቀላል አይደለም።

ይኸው ሰውዬ በ1977 ታይምስ ስኩዌር መሀል፣ ብሮድዌይ ላይ ከ45ኛውና ከ46ኛው ጎዳና መሀል፣ እግረኛ ሚረግጠው የብረት ፍርግርግ ስር ድምፅ ቀበረ። ምልክት የለው፣ ጽሑፍ የለው። የትልቅ ደወል ምት አልቆ እምምም ሲል ሚቀረው ዓይነት ድምፅ ነው። በ1992 ጠፋ፣ በ2002 ተመልሶ ተከፈተ። ስንቱ ሰው በላዩ ያልፋል የባቡር ማሽን መስሎት፣ አንዳንዱ ግን ቀጥ ይላል። የልጅ ልጅዎ አሜሪካ ሚያውቀው ሰው ካለ ልኮ ያስሰማዎት፣ በነፃ ነው፣ ጩኸትም አይደለም።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ የገበያ ድምፅ ቀድቼ ሰው ሲቀርብ ሚሰማ ኢንስታሌሽን መስራት አስቤያለሁ። ገንዘብ የለኝም። የትኛውን ሴንሰር ልግዛ? ኮምፒውተር የግድ ነው? — የመመረቂያ ጭንቀት

መልስ፦ አንተ ልጅ፣ እኔ የተሳሳትኩትን ልንገርህና አንተ ሌላ ተሳሳት። ከዓመታት በፊት ለአንድ ኤግዚቢሽን 6 እንስራ ደርድሬ ውስጣቸው ስፒከር ከትቼ አፋቸው ላይ የርቀት ሴንሰር አደረግኩ፣ ያቺን ሁለት አይን ያላት ርካሿን አልትራሶኒክ። ሰው ጎንበስ ሲል የአሮጊቶች ወሬ ይሰማል፣ ሀሳቡ ይሄ ነው። ቤቴ ስሞክረው አሪፍ ነበር። በመክፈቻው ቀን እናቶች መጡ፣ ነጠላ ለብሰው፣ ጎንበስ አሉ፣ ዝም። ጎረምሶቹ በጃኬት ሲመጡ ይሰራል፣ እናቶቹ ሲመጡ እንስራው አያውቃቸውም። ሴንሰሯ 40 ኪሎኸርዝ፣ የሰው ጆሮ ማይሰማው፣ ድምፅ ልካ ተመልሶ ሚመጣውን ነው ምትቆጥረው፣ ለስላሳ ጨርቅ ደግሞ ድምፁን ይውጠዋል። ነጠላ ዋጠኝ። በዛ ላይ ስድስቱ ተጠጋግተው ስለነበር አንዷ የላከችውን ሌላዋ ትሰማ ነበር፣ ሰው ሳይኖር 3ኛው እንስራ ብቻውን ያወራል። ተራ በተራ እንዲልኩ ማድረግ ነበረብኝ።

የሙቀት እንቅስቃሴ ምታየዋን፣ ደጅ ላይ መብራት ምታበራዋን ፒአይአር፣ ደግሞ ጭራሽ አትንካት፣ ቢያንስ ለዚህ ስራ። ምክንያቱም እሷ ምታውቀው ሚንቀሳቀስ ሰው ብቻ ነው፣ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ሄዷል ብላ ታጠፋለች። ደህና አድማጭ ደግሞ ዝም ብሎ ሚቆመው ነው! ልክ ሰውዬው ወሬው ጣፍጦት ትንፋሹን ይዞ ሲያዳምጥ ድምፁ ይጠፋና እጁን እንደ እብድ እያወዛወዘ ይመልሰዋል፣ ይሄን ስንት ቦታ አይቻለሁ መሰለህ።

ስለዚህ ምክሬ፣ ድምፁን በሴንሰር አታስነሳው። ሁሉም ገና ከጠዋቱ እየተጫወተ ይዋል፣ ሴንሰሩ ቮልዩሙን ብቻ ከፍና ዝቅ ያርግ፣ ያውም ቀስ ብሎ፣ ሁለት ሶስት ሰከንድ ወስዶ። ገበያ አንተ ስትደርስ አይጀምርም፣ ሰው ሲጨቃጨቅ መሀል ነው ምትደርሰው። ሁሌ ከመጀመሪያው ሚነሳ ከሆነ ሰው በሶስተኛው «በርበሬ በኪሎ» ላይ ዘዴው ይገባውና ይሄዳል።

ኮምፒውተር የግድ አይደለም። አንድ አርዱይኖ (ፕሮግራም ሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ዲኤፍ ፕሌየር ምትባለዋ ድምፅ ምታጫውት ጣት ምታክል ካርድ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ አለቀ። ካርዷ ላይ ትንሽ አምፕሊፋየር አለ፣ ቮልዩሟ ከ0 እስከ 30 ደረጃ አለው፣ አርዱይኖው ደረጃውን ይነግራታል። ላፕቶፕ ካለህ ደግሞ ፒውር ዳታ ሚባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነፃ ነው። ስፒከር አዲስ አትግዛ፣ አዲስ አበባ ሰው ካለህ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ቴፕና ከመኪና የወጣ ያገኝልሃል፣ ጀርባው ላይ 4 ነው 8 ኦም ሚለውን አንብብ፣ ሁለት 4 ኦም ጎን ለጎን (ፓራለል) ካሰርክ 2 ይሆናል፣ ያቺ ትንሽዬ አምፕ ትቃጠላለች። እንስራ ወይ ጋን ከተጠቀምክ ድምፁ ሆዱ ውስጥ ይዞርና ይጎረንናል፣ የሰው ወሬ ጭራሽ አይለይም፣ እኔ መጨረሻ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ቀድጄ ውስጡ ጠቅጥቄ ስፒከሩን ወደ አፉ አመጣሁት።

ጭራሽ ሳንቲም ከሌለህ ሌላ መንገድ አለ። ጀርመናዊቷ ክሪስቲና ኩቢሽ ከ2004 ጀምሮ ሰዎችን ልዩ ሄድፎን አልብሳ ከተማ ታዞራለች፣ ሄድፎኑ ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፣ ኤቲኤሙ፣ የሱቁ በር፣ ትራንስፎርመሩ ሚረጨውን ማግኔታዊ ሞገድ ወደ ድምፅ ይቀይራል። የተጠመጠመ ሽቦ ከተበላሸ ሪሌ (በኤሌክትሪክ ሚሰራ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) ፈተህ ማይክ መግቢያ ላይ አስረህ ሞክረው፣ ቤትህ ውስጥ ቻርጀሩና ፍሪጁ እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሚያፏጩ ስትሰማ ትገረማለህ። ግድግዳው ሶኬት ውስጥ እንዳትሰካው ብቻ፣ አደራ።

የመጨረሻው፣ መብራት። የኔ ኤግዚቢሽን በሁለተኛው ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ላፕቶፑ «አፕዴት ይደረግ?» ብሎ ተገትሮ እኔ ደግሞ ክፍለ ሀገር ነበርኩ። አዘጋጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ ስድስት ዝም ያለ እንስራ አስጎበኙ፣ አንድ ጎብኚ መዝገቡ ላይ «ጥልቅ ዝምታ» ብሎ ጻፈልኝ። ስልክ ደውሎ የነገረኝ የማታ ዘበኛው ነው፣ ምክንያቱም ማታ ማታ ወንበር ይዞ እየተቀመጠ እጁን ቀስ አድርጎ እያወረደ ሲያዳምጥ ነበር ለካ፣ 2ኛውና 5ኛው አንድ ሴትዮ ስለሆነች አብረው አይከፈቱ፣ ከራሷ ጋር ትጣላለች አለኝ። እውነቱን ነው፣ አንድ ሴትዮ ነበረች፣ እኔ ልብ አላልኩትም። አንተም መብራት ሲመለስ ብቻውን ሚነሳ አድርገህ ስራው፣ ሶኬቱን አስር ጊዜ ነቅለህ እየሰካህ ሞክር፣ ከዛ ማስጀመሪያውን ለዘበኛው አሳየውና ስልክ ቁጥርህን ስጠው።